ጭቃ ዘመድ የለውም

ለአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ የምድር ሳይንስ ጉባኤ የላከው አብስትራክት «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው የዶክትሬት ተማሪ ቤቱ ሲደውል እናቱ እልል ትላለች፤ ቡና ይፈላል፤ ወሬው እስከ ዕድሩ ይደርሳል። ደስታውን የማደፍረስ ፍላጎት የለኝም። በመካከላችን ይቅርና፣ በትልልቆቹ ጉባኤዎች ተቀባይነት ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ጽሑፉ ከመስኩ ካልወጣና ክፍያው በጊዜው ከገባ በአብዛኛው ያልፋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቃል ይቀርባል ወይስ በፖስተር? ከማን ጎን? በየትኛው ቀን? ሰው ባለበት ሰዓት ነው ወይስ ሁሉም ምሳ ፍለጋ በተበተነበት? ይህን የሚወስኑት ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ በትናንሽ ፊደል የሚሰፍር ጥቂት ሰዎች ናቸው።

በእነዚያ ሰዎች መካከል ተቀምጬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ፖስተሬን ተሸክሜ የምዞር ተማሪ ነበርኩ፤ ኋላ «ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወጣት ይሁን፣ ቢቻል ከአፍሪካ» ሲባል ስሜ ገባ። የትኛው ጉባኤ እንደሆነ ይቆየን። አብስትራክቶቹ ተጠቃልለው ሲመጡ አስተባባሪዎቹ በኢንተርኔት ይሰበሰባሉ። ሁሉም ሁሉንም አንብቦ አይመጣም። ስም ይታያል፤ ተቋም ይታያል፤ «እሱን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ይናገራል» ይባላል። ከካርቱም፣ ከጎንደር ወይም ከዳካ የመጣ ስም ላይ ሲደረስ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቪዛ ያገኝ ይሆን?» ይላል። ክፉ አስቦ አይደለም። ተናጋሪው የቀረበት አሥር ደቂቃ አዳራሽ ውስጥ አያልቅም፤ የትኛውም አስተባባሪ እንዲህ ያለ ክፍተት አይፈልግም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቪዛ የማያስፈልገው መድረክ ላይ ይወጣል፤ ቪዛ የሚያስፈልገው ፖስተር አዳራሽ ይመደባል። ፕሮግራሙ ታትሞ ሲወጣ ይህ ሁሉ አይታይበትም።

የእኔ ጉዳይ ጭቃ ነው። ደለል ብዬ ላሳምረው እችል ነበር። ክረምት ከስሜን ተራሮች፣ ከላስታ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ተዳፋቶች የሚጠርገው አፈር በተከዜ፣ በአንገረብና በጓንግ ይወርዳል። ሱዳን ሲገቡ ተከዜ ሰቲት፣ አንገረብ ባሕር አል ሰላም፣ ጓንግ ደግሞ አትባራ ይባላሉ፤ ሁሉም ተደማምረው አንድ አትባራ ሆነው ናይል ይገባሉ። የዚህ ወንዝ ውኃ ከናይል ውኃ ከአሥር በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ናይል ከሚሸከመው ደለል ግን ሩብ ያህሉ የእርሱ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል የዓባይ ነው። ነጭ ዓባይ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ደግሞ ይህ ሁሉ ጭቃ የሚወርደው በጥቂት የክረምት ወራት ነው፤ በበጋ አትባራ ኩሬ ከኩሬ ተቆራርጦ የሚተኛ አሸዋ ነበር፣ ግድቦቹ ከመምጣታቸው በፊት።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ሰኔ ውስጥ በደረቀው የአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማ፤ ሲነጋ ትናንት አሸዋ የነበረው ቦታ ሰፊ ወንዝ ሆኖ ጠበቀው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ጉባኤዎቹ በዚያ ስለሚቆጠሩ ነው።) ያን ክረምት የከረመው ሰቲትና አትባራ ከሚገናኙበት ብዙም በማይርቅ ሶፊ በተባለ መንደር ነበር። በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ የግብፅን ለም አፈር የሚያወርዱት የሐበሻ ወንዞች መሆናቸውን፣ አትባራም ዋናው የጭቃ ተሸካሚ መሆኑን ጽፏል። ቪዛ አልተጠየቀም፤ አብስትራክትም አላስገባም።

ግድቦቹን ልጨምር፤ ያለ እነርሱ ወሬው አይገባም። ካሽም አል ጊርባ በ1964 አትባራ ላይ ተሠራ። ዓላማው በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት ዋዲ ሃልፋን ለቅቀው ለወጡት ኑቢያውያን አዲስ ሃልፋ ላይ የመስኖ መሬት መስጠት ነበር፤ እነርሱም ቁጥር በተሰጣቸው መንደሮች ሰፈሩ። ግድቡ መጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ደለል ይበላው ጀመር፤ በየክረምቱ በሩ እየተከፈተ ጭቃው እንዲጠረግ ማድረግ የተጀመረው በዚህ የተነሳ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ወደ እኛ ድንበር ተጠግቶ፣ በ2017 ሩሜላና ቡርዳና የተባሉት መንትያ ግድቦች ተመረቁ። አንዱ አትባራ ላይ፣ አንዱ ሰቲት ላይ ሆነው አንድ ሐይቅ ይዘዋል፤ ግንባቸው ተደምሮ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ኃይላቸው 320 ሜጋ ዋት ነው። እዚህም ውኃው ሰው አስነሣ። ለተነሡትም ቁጥር ያላቸው የሰፈራ መንደሮች ተሠሩ። መንደር 8 ከእነዚህ አንዱ ነው።

እኛም በበኩላችን በ2009 ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሠርተናል፤ ዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያለፈ ውኃ ይይዛል። ከላይ የሚመጣው ጭቃ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ታዲያ ሩሜላና ቡርዳና ላይ ያለውን ሐይቅ አሁን የሚሞላው የማን ጭቃ ነው? ከተከዜ ግድብ በታች ያለው የወልቃይትና የጠገዴ ተዳፋት ነው? በአንገረብና በጓንግ የሚወርደው ነው? ወይስ ሱዳኖች ካራብ የሚሉት፣ በሰቲትና በአትባራ ዳር ዳር እየተቦረቦረ እርሻ የሚበላው ገደላ ገደል ነው? ጥያቄው ለአንድ ዶክትሬት ብቻ ሳይሆን ለሦስትም ይበቃል። መልሱ የሚያስደስተው መንግሥት ግን የለም። ላይኛው አገር «አፈሬ ሄደ» ይላል፤ ታችኛው «ግድቤ ተሞላ» ይላል፤ ከገደላ ገደሉ ነው ብትል ደግሞ ሁለቱም አይሰሙህም።

አሁን ደግሞ ጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ፤ ምድር ሳይንስም ፋሽን አለው። አፋር ሲባል አዳራሽ ይሞላል። በ2005 መስከረም ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ሲከፈት፣ ምድሪቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ስትለያይ፣ የዓለም ጂኦፊዚክስ ሁሉ ዞሮ ወደ ሰመራ ተመለከተ፤ እውነትም የሚገባው ነው። ከዚያ ወዲህ «አፋር» የሚል ርዕስ ያለው ተማሪ ወንበር አያጣም። ሕዳሴ ግድብ ከሆነም ቦታ አይጠፋም። ግብፃዊ፣ ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ሰብሳቢው ጥያቄ ከመክፈቱ በፊት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ቢቻል ደቂቃው ቢያልቅለት ደስ ይለዋል። ጭቃ ግን ዘመድ የለውም። እሳተ ገሞራ አይደለም፣ አልማዝ አይደለም፣ ሉሲን አልወለደም። ለጭቃ የሚሰጠው የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ሰዓት፣ የአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ ስለ አትባራ ደለል ለማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል።

አንድ ሰሞን ግን ቪዛም ሻንጣም አላስፈለገም። በኮሮና ምክንያት የአሜሪካው የጂኦፊዚክስ ኅብረት የ2020 ጉባኤውን ከዲሴምበር 1 እስከ 17 በኢንተርኔት አደረገ። የአውሮፓው የጂኦሳይንስ ኅብረትም በ2020 እና በ2021 እንደዚያው አደረገ፤ የሁለተኛው ዓመት ከኤፕሪል 19 እስከ 30 ነበር። ኮምፒውተርና መስመር ያለው ሁሉ ገባ። ብዙዎቻችን «አሁን ገና እኩል ሆንን» ብለን ነበር። በእነዚያው ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ፣ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከሑመራና ከአካባቢው የሸሸ ሕዝብ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሱዳን እየገባ ነበር። በወራት ውስጥ ቁጥሩ ከ60 ሺሕ በለጠ። በገዳሪፍ በኩል የገባው ብዙው መንደር 8 ነው ያረፈው፤ ለጥቂት ቀን ማረፊያ ታስቦ ለወራት የተኖረበት። ቆይቶ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባህ ተጓጓዘ። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም ከእኛ አገር የተሰደዱትን ያስጠለለ ቦታ ነው።

በትግራይ ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፈር መሸርሸርንና የደለልን ነገር ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ያጠኑ፣ በተከዜ ተፋሰስ እግራቸው ያልረገጠው ገደል ጥቂት የሆነ ሰዎች አሉ። ያለ ቪዛ ሊገቡ የሚችሉበት ጉባኤ ሲመጣ መስመር አልነበራቸውም። በጌንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2021 የትግራይን ሰብዓዊ ሁኔታ የሚያሳይ አትላስ አወጡ፤ የእርከንና የቦረቦር ካርታ ይሠሩ የነበሩ እጆች የሞትና የመፈናቀል ካርታ ሠሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ሰቲት ዋድ አል ሂሉ አጠገብ አስከሬን ሲያወርድ የዜና ወኪሎች ዘግበዋል። የደለል ሠንጠረዥ ለዚህ ዓምድ የለውም።

ከእነዚያ የኢንተርኔት ጉባኤዎች በአንዱ የሆነውን ላውራ። አንድ አቅራቢ የሩሜላና ቡርዳናን ሐይቅ ዳርቻ ለውጥ በሳተላይት ሥዕል እያሳየ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ውኃው በሰማያዊ፣ እርሻው በቢጫ፣ ሰፈሩ በቀይ ተለይቷል። 2019፣ 2020፣ 2021 እያለ ሲያሳልፍ ከሐይቁ ወዲያ ያለችው ቀይ ነጥብ ትሰፋለች። «የሰፈራ መስፋፋት» ብሎ አለፈ። በጽሑፍ መጠየቂያው ሳጥን ስለ ስልቱ ትክክለኛነት ሁለት ጥያቄዎች መጡ፤ ጊዜው አለቀ፤ ቀጣዩ ገባ። እኔ ያንን ቀይ አውቀዋለሁ፤ መንደር 8 ነው፤ ሌሎችም ኢትዮጵያውያን በዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ያውቁታል። ማናችንም በሳጥኑ ውስጥ አልጻፍንም። ለምን እንደሆነ አገር ቤት በዚያን ጊዜ ማን ከማን ጋር እንዴት ይነጋገር እንደነበር የሚያስታውስ ይገባዋል።

ቁጥሩን ብቻ ልናገር። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት የሚያነሳው ሥዕል አንዱ ፒክሰል አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ነው፤ መቶ ካሬ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የቤተሰብ ድንኳን ከነመግቢያው 23 ካሬ ሜትር ነው። አራት ቤተሰብ አንድ ፒክሰል ውስጥ ይገባል፤ ትንሽም ይተርፋል።

ሥዕሉ የማያሳየው ሌላው ነገር ከድንኳኑ ሥር ያለው ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ ነው፤ የመተማና የሑመራ ገበሬ ጠባዩን ያውቀዋል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ትራክተርም አያልፍበትም። ይኸው አፈር ነው ገዳሪፍን የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ያደረጋት፤ በትራክተር የሚታረስ ትልልቅ እርሻ እዚያ የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ሰው በጅምላ ሲሰፍርበት ግን ሌላ ነው። ያልተደገፈ የመጸዳጃ ጉድጓድ ዋልካ ሲያብጥ ይደረመሳል። መንገድ ሲቆረጥ እህል አይደርስም። በ2021 ክረምቱ ገና ሲጀምር ኡም ራኩባና ቱናይድባህ ላይ ማዕበል ድንኳን ቀድዶ ወስዷል። ካላ-አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የዋልካን ስንጥቅ፣ የበደኖንና የግራርን ጥላ ትወዳለች፤ ገዳሪፍና የእኛ መተማ በዚህ በሽታ የታወቁት በአጋጣሚ አይደለም። አንድ የአፈር ተማሪ ይህን በቃሉ ያውቃል። ድንኳን የት ይተከል ሲባል ግን የተጠራ የአፈር ተማሪ መኖሩን አልሰማሁም፤ ስፍራው የሚመረጠው መሬቱን በሚሰጠው መንግሥትና በመንገዱ ነው።

ስለ ቪዛ። በየዓመቱ ጥቂት ልጆች በስልክ ይጠይቁኛልና የምነግራቸውን እዚሁ ልጻፈው። የጉዞ ድጋፍ አገኘህ ማለት ገንዘብ አገኘህ ማለት አይደለም፤ ብዙው ድጋፍ በደረሰኝ የሚመለሰው ሄደህ ከመጣህ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያበድር ዘመድ ያስፈልጋል። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከ2024 ሰኔ ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ተከለከልክም ተፈቀደልህም አይመለስም። ቆንስላው ማየት የሚፈልገው አብስትራክትህን አይደለም። የባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ ነው፤ ባጭሩ ትመለሳለህ ወይ ነው ጥያቄው። የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ ደመወዙ ትንሽ፣ ቤቱ ኪራይ፣ ትዳሩ «ዲግሪው ይለቅና» ተብሎ የተቆየ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን ታኅሣሥ ላይ ጠይቁ። ቀጠሮ ከአብስትራክት በፊት ያዙ። ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ራሳችሁ አርቅቁትና ለፊርማ ብቻ ስጡ፤ አለዚያ ማኅተሙ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

መንደር 8 ላይ ድንኳን ውስጥ የገባ ተማሪ ቢኖርስ? በ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት ስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሊሰጠው ይገባል። ሰነዱ ቢወጣለት እንኳ ያው ጥያቄ ፊቱ ይቆማል፤ ትመለሳለህ ወይ? ወዴት?

ሱዳኖቹ የደረሰባቸው ደግሞ የባሰ ነው። በ2023 ኤፕሪል 15 ካርቱም ላይ ውጊያ ተነሣ። የአውሮፓው የጂኦሳይንስ ኅብረት የዚያ ዓመት ጉባኤ ቪየና ላይ የሚከፈተው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። ኤምባሲዎች በችኮላ ሲወጡ ለቪዛ የገቡ ፓስፖርቶች ካዝና ውስጥ ተቆለፉ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ የያዛቸውን መቆራረጡ በወቅቱ ተዘግቧል። ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለዘመድ ጥየቃ የተሰጠ ፓስፖርት ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ባለቤቱም አገር ውስጥ ተቆለፈ። በዚህኛው ዙር ሸሺው ሱዳናዊው ሆነና ገዳሪፍ የካርቱምን ሰው ተቀበለች፤ በጋላባት በኩልም ወደ መተማ ተሻገረ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ ላይ የሰፈሩት በ2024 ጥቃትና ዝርፊያ ሲበዛባቸው ካምፑን ትተው ጫካ ገቡ። ከመንደር 8 እስከ ኩመር ያለው መሬት አንድ ዋልካ፣ አንድ ዝናብ ነው። ማን ወደ ማን እንደሚሸሽ ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ እንግባ። የቪየናው ጉባኤ የሚካሄደው ዩ1 በተባለው ባቡር ዳኑብን ተሻግሮ በሚገኘው የአውስትሪያ ማዕከል ነው፤ በ2024 በአካል ብቻ ከ18 ሺሕ በላይ ሰው ነበረበት። የአሜሪካው ከዚያም ይበልጣል። የቪየናው የፖስተር ሰሌዳ ወርዱ 197፣ ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አግድም ነው። ይህን ሳያዩ ቁልቁል አሠርተው የሚመጡ በየዓመቱ አሉ። ወረቀት በቱቦ ተሸክማችሁ አውሮፕላን ለውጣችሁ ከመጉላላት አዲስ አበባ ባነር ቤት ሄዳችሁ በጨርቅ አሳትሙት፤ ታጥፎ ሻንጣ ይገባል፤ የሚሸተው የፕላስቲክ ባነር ይቅርባችሁ። አዳራሽ ውስጥ ሰው መጀመሪያ ደረታችሁ ላይ ያለውን ባጅ ያነባል፤ ቀጥሎ ፊታችሁን ያያል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ካነበበ ይቆማል። የማያውቀውን ካነበበ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አትቀየሙ፤ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ከሁሉ የበለጠ ምክር የሰጡኝ ጋሼ ናቸው፤ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል። በስላይድ ፊልም ዘመን ጀምረው ጉባኤ የሚመላለሱ፣ ዛሬም በኮታቸው ኪስ ውስጥ ቆሎ የማያጡ ሽማግሌ ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ አገኙኝና ፕሮግራሙን ከእጄ ወሰዱት።

«ይኼን ሁሉ አክብበህ ምን ልትሆን ነው?»

«ልሰማቸው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ተወው ልጄ። ንግግር ተቀድቶም ተጽፎም ታገኘዋለህ። ፖስተርህ ሥር ቁም። ቢራው ሲቀዳ ነው ሰው የሚመጣው።»

«እርስዎስ የት ይሆናሉ?»

«እኔማ እዞራለሁ። ጉባኤ እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ነው የሚቆጠረው። ተናገረ አልተናገረ ማን ያስታውሳል?»

እንዳሉት ነው። በአሜሪካው ጉባኤ ለብዙ ዓመታት የታወቀው የከሰዓት በኋላ ቢራ ሲቀዳ አዳራሹ ሌላ ሰው ይሆናል። የምርምር ገንዘብ የሚሰጡት፣ ለድኅረ ዶክትሬት ሰው የሚፈልጉት፣ መጽሔት የሚያዘጋጁት ሁሉ ብርጭቆ ይዘው ይንሸራሸራሉ። የሥራ ቃለ መጠይቅ እዚያ ቆሞ ያልቃል፤ ኋላ የሚወጣው ማስታወቂያ ለወጉ ነው። የማይጠጣ ልጅም ብርጭቆ ውኃ ይያዝ፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አጠገብ ሰው አይቆምም።

ሱዳናዊውን ባልደረባዬን ያገኘሁት በዚያ ሰዓት ነው። የገዳሪፍ ልጅ ነው፤ የእርሱ ጥናት ከግድቡ በታች፣ የእኔ ከድንበሩ በላይ። ሁለታችንም ግማሽ ወንዝ ይዘናል። የወንዝ ቁጥር በናይል ተፋሰስ ውስጥ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የመለኪያ ጣቢያ መረጃ ለማግኘት ደብዳቤ ተጽፎ፣ ፊርማ ተለቅሞ፣ «ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም» በሚል ተፈርሞ ነው የሚወጣው። ጀርመን ኮብሌንዝ ያለው የዓለም የወንዝ ፍሰት መረጃ ማዕከል ዘንድ ብትሄዱ ብዙው የአፍሪካ ወንዝ መዝገብ ከአሥርት ዓመታት በፊት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? ላፕቶፖቻችንን ጎን ለጎን እንከፍታለን። እርሱ ግራፉን ያሳየኛል፤ ቁጥሩ ያለበትን የግራ ጠርዝ ግን በወረቀት ይሸፍናል። እኔም እንደዚያው። ቅርጹን እናያለን፤ ሐምሌ ላይ የእኔ ሲወጣ የእርሱ ከቀናት በኋላ ሲወጣ፣ የእኔ ሳይንቀሳቀስ የእርሱ ብቻ የዘለለበት ቀን ሲኖር «እዚህ ጋ ካራብ ነው» ይለኛል፤ በዚያ ቀን ገዳሪፍ ላይ የወረደውን ዝናብ እርሱ በቃሉ ያውቀዋል። የሁለት አገር የውኃ ትብብር ሰነድ ላይ ይህ ስልት የለም። ከሰማሁት የቃል ማቅረቢያ ሁሉ የበለጠ የተማርኩት ግን በዚያ በተሸፈነ ጠርዝ ነው።

አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር አጠገባችን ቆሞ ሲያይ ከቆየ በኋላ «ለምን አብራችሁ አትጽፉም? ዳታውን ብትልኩልኝ ሞዴሉን እኔ ዘንድ እናስኬደዋለን» አለን። ደግ ሰው ነው፤ እውነቱን ነው። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ቀደም ሰምተነዋል። ዳታው ይላካል፤ ሞዴሉ ይሄዳል፤ ጽሑፉ ይወጣል፤ የጎንደርና የገዳሪፍ ስም ከደራሲዎቹ ዝርዝር መሐል አንድ ቦታ ይገኛል፤ ቀጣዩን የምርምር ገንዘብ የሚያገኘው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስም ነው። ባልደረባዬ በትሕትና «እንነጋገርበታለን» አለው። በአረብኛም በአማርኛም ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገባን።

ርቀቱ የቆየ ነው። የዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ጉባኤ በ1878 ፓሪስ ላይ ከተጀመረ ወዲህ አፍሪካ ላይ የተደረገው ሦስት ጊዜ ነው፤ ፕሪቶሪያ በ1929፣ አልጀርስ በ1952፣ ኬፕታውን በ2016። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቅኝ ገዥና በነጮች አገዛዝ ሥር ነበሩ። ስለ አፋር ዝቅታ የተደረገው ታላቁ ሲምፖዚየም እንኳ፣ በ1974 ኤፕሪል፣ የተቀመጠው ምዕራብ ጀርመን ባድ ቤርግሳበርን ላይ ነው። አዲስ አበባ ጉባኤ አዘጋጅታ አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ታዘጋጃለች፤ የቃል ማቅረቢያው ሰዓት የሚያልቀው ግን በክቡራን እንግዶች የመክፈቻ ንግግር ነው።

እኔና ባልደረባዬ ለሚቀጥለው ዓመት የራሳችንን ሴሽን አስገብተናል። ይህም ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነው፤ ሴሽን የሚታቀደው ጉባኤው ካለቀ በኋላ ባለው ክረምት ነው፤ ማንም ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ አስተባባሪ የሆነ ሰው ደግሞ ማን መድረክ ላይ እንደሚወጣ ይወስናል። ርዕሱ ላይ ተከራከርን። «ድንበር ተሻጋሪ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሚኒስቴሮች ያስነጥሳል ብለን አወጣነው። «የአትባራ ተፋሰስ ደለል» አልነው፤ ሰው እንዲመጣ «በአየር ንብረት ለውጥ ዘመን» የሚል ጨመርንበት፤ ጋሼ ሲያዩት ሳቁ። ሦስተኛ አስተባባሪ ሆና የምትገባ አንዲት ቤልጅየማዊት አግኝተናል፤ ቪዛ አያስፈልጋትም፤ እኛ ባንደርስ ክፍሉን የምትከፍተው እርሷ ነች። ባልደረባዬ አሁን ካይሮ ነው፤ አዲሱ ፓስፖርቱ ገና አልወጣም። እኔ የአሻራ ቀጠሮ ለማግኘት ድረ ገጹን እየከፈትኩ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታ ይለቀቃል ይላሉ።